በበቆሎው መሀል የተከፈተው መስመር

እህቴ አትሰማም። ከቤታችን የምልክት ቋንቋ የተማርሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ አባባ ሲፈልጓት ትከሻዋን ነካ ያደርጉና በጣታቸው ይጠቁሟታል። ርቃ ስትማር የተዋወቀችው፣ እንደ እሷው የማይሰማ ልብስ ሰፊ ዱርቤቴ ከተማ ይኖራል። ሁለቱ በስልክ እየተያዩ በእጃቸው ያወራሉ። የአባባ ቤት ግን ከዳገቱ ሥር ስለሆነ ኔትወርኩ ምስል አያሳልፍም። ልጅቱ ለወሬ ስትል ቡሬ መግቢያ፣ አስፋልቱ ዳር ካለው ቤቴ ድረስ ዋይፋይ ፍለጋ ትመጣ ነበር።

በግንቦት አንድ መላ መጣልኝ። ደጅ የሚሰቀሉ ሁለት የዋይፋይ መሣሪያዎች ገዛሁ። አንዱን ላኪ አድርጌ በእኔ ጣሪያ፣ ሌላውን ተቀባይ አድርጌ በአባባ ጣሪያ ጠርዝ ሰቀልሁ፤ የይለፍ ቃላቸውን አንድ አደረግሁና ፊት ለፊት አስተያየኋቸው። ባለሙያ ይህን ብሪጅ ይለዋል፤ ያለ ሽቦ የተዘረጋ ድልድይ ነው። እንጀራዬ ይኸው መስመር መዘርጋት ነውና ሲሠራልኝ ደረቴን ነፋሁ።

አባባ ቀና ብለው አዩና፣ "ካልተያዩ አይግባቡም ማለት ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ መሀላቸው ነገር መግባት የለበትም" አልኋቸው።

በመሀሉ ያለው መሬት ያን ጊዜ ታርሶ ባዶውን ነበር። የገበሬ ልጅ ሆኜ ክረምት እንደሚመጣ ረሳሁት።

በነሐሴ የአባባ በቆሎ ከጣሪያው ጠርዝ አልፎ አበበ። ዝናብ ያራሰው ቅጠል ሞገዱን ይውጠው ጀመር። ለሚሰማ ሰው ምስሉ ቢቆም ድምፁ ይቀረዋል፤ እህቴ ግን የሰውየው እጅ አየር ላይ ቀጥ ሲል ቃሉም ይቆረጥባታል። መሣሪያውን ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ሰቅዬ ሞከርሁ፤ ነፋሱ ሲያወዛውዘው ጭራሽ ባሰበት።

ፍልሰታ እንደተፈታ ልብስ ሰፊው የላካቸው ሽማግሌዎች ከዱርቤቴ መጡ። አባባ "እሷ ይሁን ካለች ይሁን" ብለው ለእሑድ ቀጠሯቸው። የሴት ልጁን ፈቃድ የሚጠይቅ አባት በአገራችን ብዙ አይደለም፤ ኮራሁባቸው። እህቴ ግን አንድ ነገር ሳልጠይቀው እሺም እንቢም አልልም አለችኝ። ወደ እኔ ቤት እንዳትመጣ፣ ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ሜዳ ለሜዳ አትዞርም ብላ እናቴ ከለከለቻት። "ጻፊለት" ብላት፣ "ሲመልስልኝ ፊቱን ማየት አለብኝ" አለች።

ነገሩን ለአባባ ነገርኋቸው፤ በቆሎው ይቆረጥ ለማለት ግን አፌ አልደፈረም። "ያበበ በቆሎ መቁረጥ ያረገዘች ላም ማረድ ነው" ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዓርብ ጠዋት ማጭድ ይዘው ከቤቱ ጓሮ ቆመው አገኘኋቸው።

"ከየት እስከ የት ነው የሚያየው?" አሉኝ።

እያሳየኋቸው ቆረጡ። አንዱንም አገዳ አልወረወሩም፤ ቀስ እያደረጉ ያጋድሙት ነበር። አንዲት ቃል አላጉረመረሙም። እኔ ብሆን ሰፈሩን ሁሉ ባሰማሁት ነበር። ሲጨርሱ ከአባባ ጣሪያ የእኔ ጣሪያ ጥርት ብሎ ታየ፤ ምስሉም መጣ።

እህቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ እጇን አነሳች። አባባ ማጭዱን እንደያዙ ከጎኔ ቆሙ።

"ምን አለችው?"

ልዋሻቸው ቃጣኝ፤ ግን ለእርሳቸው ውሸት አይገባም። "'እናትህ በእጃቸው ሊያወሩኝ ይማራሉ ወይስ እዚያም በጣት እየተጠቆመልኝ ልኖር ነው?' አለችው።"

"እሱስ?"

"'እናቴ መማር ከጀመረች ቆየች' አላት።"

እህቴ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። አባባ ማጭዱን መሬት አስቀመጡና፣ የአገዳው ውኃ ያራሰውን እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"'ልጄ' ሲባል በእጅ እንዴት ነው?" አሉኝ።