የዘማሪው ስም

የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ያጠናሁት ፈትል ፋብሪካ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ የጥጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። የጥብቅና ፈተናውን ሳልፍ አብረውኝ ከተፈተኑት ባለዲግሪዎች የወደቁ ነበሩ፤ አላሾፍኩባቸውም፣ ሻይ ጋበዝኳቸው። ፒያሳ ከልብስ ሰፊዎቹ በላይ ያለችውን ቢሮዬን ከከፈትኩ ወዲህ፣ ሐዋሳ ውስጥ ያለ አግባብ ከሥራ የተባረረ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሽማግሌው አሉ?» ብሎ ነው። የሠራሁትን ነው የምናገረው፤ ነውር የለበትም።

ካሸነፍኳቸው ክርክሮች ግን አንዱ አልለቀቀኝም።

ጥቁር የለበሰች ሴት ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ መጣች። ባሏን የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን እጅጌውን ይዞ ጎትቶ ገድሎታል። እኔም ያን ዓይነት ማሽን አውቀዋለሁ፤ ሰው ሲይዝ እንኳ ድምፁ አይለወጥም። ፋብሪካው «ሰክሮ ነው የገባው» አለ። ሠራተኛ ሰክሮ ገብቶ ከተጎዳ አሠሪው በሕግ አይጠየቅም፤ ለዚህ ነው ያሉት። ሟቹ ግን የጸሎት ቤታቸው ዘማሪ ነበር። ወሬው እዚያ ፈጥኖ ደረሰና የመዘምራን ጓደኞቹ በቀብሩ ላይ ሳይዘምሩለት ቀሩ።

«ጋሼ፣ ካሣው ይቅርብኝ» አለችኝ። «ስሙን ብቻ ያጽዱልኝ።»

«ሁለቱንም ታገኛለሽ። የመጣሽው እኔ ዘንድ ነው» አልኳት።

የፋብሪካው ምስክር የሟቹ አለቃ ነው፤ የሚጸልዩትም አንድ ጸሎት ቤት ነበር። በችሎቱ ዕለት የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ከኋላ ተደርድረዋል። ምስክሩ እነሱን ሲያይ ከራሱ ጀመረ።

«እኔ ጌታን የማገለግል ሰው ነኝ። ከተወለድኩ መጠጥ በአፌ አልዞረም፣ መጠጥ ቤት ደጅ አልቆምኩም። ያን ቀን ጠዋት ግን ሰውየው አረቄ አረቄ ሸተተኝ።»

ስለ ራሱ ማንም አልጠየቀውም ነበር። በኛ ከተማ አማኝ ሰው ሲመሰክር ብዙ ጊዜ ከራሱ ንጽሕና ይጀምራል፤ ይህን ከዩኒቨርሲቲ አይማሩትም። ተነሣሁ።

«በሠርግ ቤትስ፣ በጎረቤትስ አረቄ አሽትተው አያውቁም?»

«በጌታ ስም! በፍጹም።»

«ታዲያ አረቄ መሆኑን በምን አወቁ?»

ከኋላ አንድ ሰው «በመገለጥ ነዋ!» አለ። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛዋ ገሠጹ። ምስክሩ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። አረቄን አውቃለሁ ቢል እነሱ አሉ፤ አላውቅም ቢል ፋብሪካው አለ።

«አልኮል ነው» አለ በመጨረሻ። «የማሽን መጥረጊያው። እጁ ላይ ነበር።»

«ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

«ሲጠርግ ማሽኑ ቆሞ ነበር?»

ዳኛዋ ጥያቄውን ደገሙለት።

«እየዞረ ጥረግ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔም ማሽን እንዳታቆም ተብዬ ነበር።»

ያ መስቀለኛ ጥያቄ እስከ ዛሬ በወጣት ጠበቆች ዘንድ ይወራል። እኔ ግን የሚመጣብኝ ምስክሩ ተናግሮ እንዳበቃ የወረደው ጸጥታ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሴትዮዋ የራሷን መዳፍ እያየች «እጁ ላይ» አለች፤ ለማንም አልነበረም።

ተፈረደልን። በተከታዩ እሑድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጸሎት ቤት ተነሥተው «ወንድማችን አልሰከረም ነበር፤ የተሳሳትነው እኛ ነን» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ፣ መዘምራኑም ቆመው ዘመሩለት። እኔ የእምነታቸው ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ከኋላ ተቀምጬ፣ ያስዘመርኳቸው እኔ ነኝ እያልኩ ደረቴን ነፋሁ።

ስንወጣ ሴትዮዋ ክንዴን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ሲዘምሩለት እሱ ሰማ?»

ለጥያቄ ሁሉ አንቀጽ የማላጣ ሰው ነኝ። «ሰምቷል» ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። ትንሽ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ክንዴን ለቃ ሄደች።

አሁንም የቢሮዬ ደረጃ ላይ የሴት ኮቴ ስሰማ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። መልሱን ልትወስድ የመጣች ይመስለኛል።