ደግመሽ ንኪው

ያሳደጉኝ አጎቴ ጋምቤላ፣ አቦቦ ላይ ለእርሻ የመነጠሩትን አቃጥለው አመዱን ሳይነኩ ቤት አይገቡም ነበር። ክልሉ ገና እንደተቋቋመ ሰሞን፣ እኔም ነክቼ "ይሞቃል፤ ፍም አለበት" አልኳቸው።

"ኤዲያ! ጋምቤላ ላይ የማይሞቅ ምን አለ? ቆይተሽ ደግመሽ ንኪው። ፀሐይ ያሞቀው እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ፍም ያለበት ግን አንዴ ይግላል፣ አንዴ ይበርዳል።"

ዛሬ ሥራዬ በአቧራ የተሸፈኑ ጋላክሲዎችን ዓይን በማያየው የሙቀት ብርሃን፣ በኢንፍራሬድ፣ መለካት ነው። አቧራውን ከዋክብትም ያሞቁታልና አንድ ልኬት አያሳምነኝም። ከዓመታት በኋላ ስለካው ብርሃኑ ከተለዋወጠ ግን፣ መሃሉ ላይ ዙሪያውን የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ አለ እላለሁ።

አጎቴ ያረፉ ዕለት ደረስኩ። እጃቸውን ነካሁ፤ ቀዝቅዟል። ሊገንዟቸው ሲሉ "ትንሽ ቆዩ" አልኩ።

ደግሜ ነካሁት።