የንዳድ መድኃኒት ቀማሽ ሆኜ የገባሁበት ሥራ

በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ የኔን ያህል ሥራ ይዛ የኔን ያህል የለቀቀች ልጅ ካለች ትምጣና ትከራከረኝ። ባና ከሚያሠሩ ሴትዮ ዘንድ የበግ ጠጉር ልፈትል ገብቼ፣ «ክርሽ ወፍራም ነው» ቢሉኝ «ታዲያ በዚህ ብርድ ቀጭን ባና ማን ይለብሳል?» ብዬ መለስኩላቸውና በሳምንቴ ወጣሁ። አልዩ አምባ አንድ ነጋዴ ቤት ተቀጥሬ፣ ሙቀቱ አልስማማኝ ቢል ሳልሰናበት አቀበቱን ሽቅብ ተያያዝኩት። ብዙ የቆየሁት አንኮበር ጠጅ ቤት ነው። እዚያም አንዱ ሰካራም እጄን ቢይዘኝ ሙሉውን ብርሌ አናቱ ላይ ደፋሁበት። እሰይ! ዛሬም አልጸጸትም።

በወጣሁ ቁጥር የምመለሰው አክስቴ ቤት ነበር። «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» እያለች ታሾፍብኛለች እንጂ አንድም ቀን ፊት ነስታኝ አታውቅም። ባሏ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቶ ነበር። እሷ «ለንግድ ቆላ ወርዷል» ትላለች፤ ጎረቤቱም ያመነ ይመስላል።

አንድ ቀን ጣሊያን የከፈተው ሐኪም ቤት ቁስል የምታጥብና መድኃኒት የምታድል ሴት ይፈልጋል ሲባል ሰማሁ። ሮጬ ሄድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የታመመ ሰው አጠገብ ስቀመጥ ብቻ ነው ቁጣዬ የሚበርደው። ያገሬውን ሠራተኛ የሚቀበሉት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ድሮ የታወቁ ወጌሻ፣ አሁን የፈረንጁ ሐኪም ረዳት።

«የት የት ሠርተሻል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ለምን ለቀቅሽ?» አሉኝ። እሱንም ነገርኳቸው። ብርሌው ላይ ስደርስ ጺማቸውን ይዘው ሳቁ።

«ልጄ፣ አንቺስ እግርሽ አይረጋም። ሂጂና ዋስ አምጪ። ብትጠፊ የሚጠየቅልኝ ሰው ካለ ሦስት ቀን እሞክርሻለሁ።»

ዋስ! በዚያ ዘመን ጣሊያን መዝገብ ላይ ስሟን የምታስጽፍ ሴት ከየት ትመጣለች? ያለችኝ አክስቴ ብቻ ናት፤ እኔ ጠፍቼ እሷን ቢጠሯት ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ባልሽ የት ነው?» ነው። ልነግራት አፈርኩ። እሷ ግን ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ፣ በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ ወጣች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ መዝገቡ ላይ አተመች። ስንመለስ ጣቷን በቅጠል እየፈተገች፣ «አንቺ ልጅ፣ እስከዛሬ ስትጠፊ የምታጪው እንጀራሽን ነበር። አሁን የምታጪው እኔን ነው» አለችኝ። ከዚያ ስለ ሽሮ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

በሁለተኛው የሙከራ ቀን የወባ ንዳድ የያዛቸው ሰዎች ከቆላ መጡ። የንዳዱ መድኃኒት በውሃ የተበጠበጠ፣ ከእሬት የመረረ ነገር ነው። ሐኪሙ በትንሽ ብርጭቆ እየለካ ይሰጠኛል፣ እኔ አድላለሁ። አንድም ሰው አልጠጣም! ከእጄ ይቀበሉኝና ዞር ስል ግድግዳው ሥር ይደፉታል። ምን ይፈረድባቸዋል? መርዝ ከሰማይ ያዘነበ ሰው የሚሰጠውን ማን ይጠጣል?

አንድ የአልዩ አምባ አዛውንት ጋቢያቸው ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ብርጭቆውን አፍጥጠው አዩት። «ወላሂ አልጠጣውም፣ ልጄ» አሉኝ። እጄ ጠጅ ቤት የለመደውን አደረገ። አሳላፊ ለእንግዳ ከመስጠቷ በፊት እንደምትቀምሰው፣ ከብርጭቆው ግራ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግኩና ቀመስኩት። ኧረ ምሬቱ! ፊቴ ሲጨማደድ አይተው አዛውንቱ ሳቁ፤ «ቢስሚላህ» ብለውም ጨለጡት። ከዚያማ ምኑ ቅጡ፣ «ለኔም ቅመሺልኝ»፣ «ለኔም» እያለ ሰዉ ተሰለፈ።

ሐኪሙ አየኝና ጮኸ። ቋንቋውን አላውቀውም፣ ስድብ ግን ያስታውቃል። የለካውን እያጎደልኩበት ነው፣ በዚያ ላይ በእጄ! በሩን በጣቱ አሳየኝ። ደሜ ፈላ። እንደ ልማዴ ልመልስለት፣ ብርጭቆውንም ልወረውርበት ብዬ ሳለ፣ ያ የጠቆረ የአክስቴ አውራ ጣት ፊቴ ድቅን አለ። አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም፤ እንባዬ ዱብ ዱብ እያለ ብርጭቆውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

ጩኸቱን ሰምተው ሽማግሌው መጡ። ባዶዎቹን ብርጭቆዎች አዩ፣ ጠዋት መድኃኒት የተደፋበትንም ግድግዳ አዩ። ለሐኪሙ በተሰባበረ ጣሊያንኛ ብዙ ነገሩት። ሐኪሙ ራሱን እየነቀነቀ ገባና አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ይዞ ወጣ፤ ለኔ መቅመሻ መሆኗ ነው።

«እንግዲህ ጆሮሽ እስኪጮህ ትቀምሻለሽ» አሉኝ ሽማግሌው። «ሦስተኛውን ቀን ትቼልሻለሁ፤ ሥራው ያንቺ ነው።»

እውነትም መድኃኒቱ ጆሮ ያስጮሃል። ስንት ወር ጆሮዬ ውስጥ ንብ ሰፍሮ ከረመ፣ እኔ ግን ከዚያ ቤት ንቅንቅ አላልኩም።

በዓመቱ አክስቴ ባና ልትሸጥ ቆላ ወርዳ ንዳድ ይዟት ተመለሰች። ደግፌ ወሰድኳት። የፈረንጅ መድኃኒት በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ጠበሉ ይበቃኛል ባይ ናት። ከተሰለፈው ሰው ሁሉ የምታስቸግረኝ እሷ ናት ብዬ ብርጭቆዋን ያዝኩና ልቀምስላት መቅመሻዬን አነሳሁ።

እጇን ዘርግታ መቅመሻዬን መለሰችው።

«ተይው፣ ለሌላው ቅመሺ» አለችና ብርጭቆውን ነጥቃኝ አንዴ ጨለጠችው። ምሬቱ ዓይኗን እንባ ሞላው። አፏን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «እኔ እኮ ዋስሽ ነኝ» አለችኝ።