ክንፍ የሚዳብሰው ሰውዬ

ስሙን አላውቀውም፤ በሰሜን ኖርዌይ ሐመርፌስት አውሮፕላን ማረፊያ በረዶ በጣለ ቁጥር ግን እሱ ካልፈቀደ የሚነሳ አውሮፕላን የለም። የበረዶ ማቅለጫውን በቱቦ ክንፉ ላይ ረጭቶ ሲጨርስ ጓንቱን በጥርሱ ያወልቅና፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚነካ አባት ክንፉን በባዶ እጁ ይዳብሳል። ከዐይን ያመለጠ ስስ በረዶ በእጅ ይገኛል፤ ከተነሳን በኋላ ቢገኝ ግን ለማናችንም አይበጅም። ትንሽ ከጠረጠረ እንደገና ይረጫል፣ እንደገና ይዳብሳል። እኛ ቀበቶ አስረን በመስኮት እያየነው እናጉረመርማለን።

ሥራ ሲቀልለት ካፌው ጥግ ተቀምጦ ቀይ ሥር የመሰለ ቀኝ እጁን በቡና ስኒ ያሞቃል። አስተናጋጇ ቱሪድ አትምረውም።

«ሚስትህንም እንዲህ ዳብሰሃት ቢሆን ኖሮ ጥላህ ባልሄደች።»

«የእሷ በረዶ በእጅም አይገኝ ነበር» ይላል፣ ስኒው ውስጥ እየሳቀ።

ከአገሩ ደቡብ፣ በርገን ከተማ የተዳረች ልጅ አለችው። ለገና ሊጠይቃት የሚሄደው ታዲያ በመርከብ ነው፤ ባሕር ላይ ስንት ቀን ሲናጥ ሰንብቶ ይደርሳል። ዘንድሮም የመርከብ ትኬቱን ከኪሱ ሲያወጣ ቱሪድ አየችበት።

«ሰዉን ሁሉ በአየር እየሸኘህ፣ አንተ በማዕበል ትንገላታለህ?»

እጁን አገላብጦ አየው።

«እኔ ውስጥ ከተቀመጥኩ ክንፉን ማን ይዳብሰዋል?»