የእንሰት ክንፍ ያላት አውሮፕላን

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚሁ ሶዶ፣ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ድንኳን ሥር ተቀምጠን ምሳ ስንጠብቅ ካሜራ ማኑ ድሮን አስነሳ። መጀመሪያ እንደ ዝንብ፣ ቀጥሎ እንደ አንድ ቀፎ ሙሉ ንብ እየጮኸች የሴቶቹን ሻሽ ስታርገበግብ፣ ልጆቹ ሁሉ ሙሽሮቹን ትተው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«ይቺ ምን አላት?» አልኩ። «እኔና ታምራት የሠራናት የዳሞታን ተራራ ሁለት ጊዜ ዞራ ነው የተመለሰችው።»

«አጎቴ፣ ባለፈው አንድ ጊዜ ነበር ያልከው» አለች የወንድሜ ልጅ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሒሳብ ትወዳለች፤ ከእሷ ጋር መኖር ከባድ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው አባቴ ምርኩዙን ማሻሸት ጀመረ። ስለዚያች አውሮፕላን ሲወራ ሁልጊዜም ዝም ነው።

ያኔ እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ እኔ የሰፈሩ ወሬኛ። እኔን የሚሰማበት የራሱ ዘዴ ነበረው፤ የምናገረውን ሁሉ ለአሥር ያካፍላል። «መንገድ ላይ ሃያ ጅብ አየሁ» ስለው «ሁለት ጅብ» ይልና በሩን ይቀረቅራል። «አምስት ልጆች ደበደቡኝ» ስለው «ግማሽ ልጅ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። በሪሞት የምትበር አውሮፕላን ልንሠራ ነው ብዬ የነገርኩት ቀን ደግሞ ጥቂት አሰበና «ጥሩ ነው፣ ደብተር አትቅደዱ» አለኝ። ለአሥር ተካፍላ የወረቀት አውሮፕላን ሆና ነው የደረሰችው።

«አባባ፣ እውነቴን ነው!»

«በዓይኔ ካየኋት» አለ ጣቱን ቀስሮ፣ «ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትለውን ሁሉ ሳላካፍል እቀበላለሁ።»

ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ዕድሜ ልኩን በአንድ አሥረኛ ሲሰማ የኖረ ሰው፣ አንዴ እንኳ ሙሉ ቃሉ ቢታመንለት ምን እንደሚሰማው ያልደረሰበት አያውቀውም።

ጓደኛዬ ታምራት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በመዘምራን ፊት ቆሞ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚዘምር። አንድ ሽፋኑ የተቀደደ መጽሔት ላይ እንዳነበበው፣ የትንሽ አውሮፕላን ገላ ከፎም፣ አጥንቷ ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት ነው የሚሠራው። ፎሙን ከጋሽ ሸምሱ አገኘን። ጋሽ ሸምሱ አባቱ ከስልጤ መጥተው ሶዶ የቀሩ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ገበያው ዳር ነበር። የራሱን ብርድ ልብስ እንኳ «መካከለኛ ነው» እያለ የሚሸጥ ሰው። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ያለውን ነጭ ፎም ሰጠንና «ስትበር ጥሩኝ» አለ፤ ሌላ አልተናገረም።

ባልሳውን ፍለጋ ግን የአናጺ ቤት በሙሉ አዳረስን። አንዱ ባሕር ዛፍ አቀረበልን፤ ሌላው «ባልሳ አልቋል፣ ከሐዋሳ ይመጣል» ብሎ ሁለት ሳምንት አመላለሰን። ባልሳ የሰው ስም መስሎት «የት ነው የሚኖረው?» ያለንም አለ። በመጨረሻ አንድ ቀን ጓሮ ቁጭ ብዬ ቦይና የሚባለውን ሥራ ሥር በዳጣ በርበሬ ስበላ፣ የእኛ ሰው ኡታ የሚለውን የእንሰቱን የደረቀ ቅጠል አነሣሁ። መሃል አጥንቱ ከቃሪያ ይቀላል። ከቃሪያ ስላችሁ፣ እፍ ብትሉት በዴሳ ከተማ ነው የምታገኙት። ለሁለቱ ክንፍ ሁለት አጥንት ቆርጠን፣ ጨርሶ እንዲደርቅ ከምድጃው በላይ ሰቀልን።

የጫማ ሰፊ ኮላ ስንሞክር ፎሙን በላው። እንጀራ እንዳየ ሰው ነው የበላው። ስለዚህ በቡላ ሙጫ አጣበቅናት። ሞተሩና ሪሞቱ ከተሰበረ የአሻንጉሊት መኪና፣ ባትሪው ከሁለት ሞባይል የመጣ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ክንፏ እንሰት፣ ሙጫዋ ቡላ፤ በዓለም ላይ በጎመን ልትበላ የምትችል የመጀመሪያዋ አውሮፕላን። ፍየላችንም ይህን ተረዳች። ልናበራት አንድ ቀን ሲቀረን የግራ ክንፏን አጥንት ቆረጠመችው። ሌላ ቆርጠን ተካን፤ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የደረቀው።

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሊገባ ነበር። ከዳሞታ ሥር ያለው ሜዳ ለምልሞ፣ የበቆሎ ጥብስ ሽታ ከየቤቱ ይመጣል። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከነሙሉ ልብሱ መጣ፤ ጋሽ ሸምሱም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ታምራት አውሮፕላኗን ያዘ፤ እኔ ሪሞቱን።

«በል እንግዲህ» አልኩ።

«ቆይ» አለ አባቴ። «ሳይጸለይማ አይሆንም።»

አባቴ ሚኒባስ ተሳፍሮ ገበያ ለመውረድ የሚጸልይ ሰው ነው፤ ለአውሮፕላንማ የሚጠበቀው የታወቀ ነው። ከሙስሊሙ ከጋሽ ሸምሱ በቀር ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ለአገር ጸለየ፣ ለዝናቡ፣ ለታመሙት፣ በመንገድ ላይ ላሉት። በመንገድ ላይ ላሉት ሲደርስ ድምፁ ሞቀ። እኔም በጸሎቱ ተይዤ እጄን ጠበቅ ሳደርግ፣ አውራ ጣቴ የሪሞቱን ቁልፍ ተጭኖት ኖሯል፤ ሞተሩ ጮኸ። በዚያው ቅጽበት አባቴ «ከፍ አድርጋቸው!» አለ። ታምራት «አሜን!» ብሎ፣ እንደለመደው፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

እጁ ውስጥ አውሮፕላን እንዳለ ረስቶታል።

ዓይኔን መግለጥ ነበረብኝ። ግን በጸሎት መሃል ለገለጠ ዓይን አባቴ የሚሰጠውን ቁንጥጫ ሥጋዬ ያውቀዋል፤ ዓይኔ እንቢ አለኝ። የሰማሁት ድምፁን ብቻ ነው። ከፊቴ ሄደ፤ ራቀ፤ በጎን ዞረ፤ ከጀርባዬ መጣ፤ በራሴ ላይ አለፈ። ከዚያ ከእንሰቱ መሃል ቋ! አለ። «አሜን» አልን።

«ዳሞታን ዞራ ተመለሰች!» ብዬ ጮኽኩ።

አባቴ ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞረ። «ሸምሱ፣ በረረች?»

«አንድ ዙር ዞረች» አለ ጋሽ ሸምሱ።

አባቴ ኮፍያውን አስተካከለ። «እንግዲህ እኛ ጸሎት ላይ ነበርን» አለና ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። ሰፈሩም ጋሽ ሸምሱ ለደንበኛ ልጅ አዝኖ ነው አለ። ማካፈሉ ቀጠለ።

እኔ ግን የራሴን አውሮፕላን አለማየቴ ከነከነኝ። ሳሙና ልገዛ በሄድኩ ቁጥር ጋሽ ሸምሱን እጠይቀዋለሁ፤ እሱም በአንድ ሳሙና አንድ መልስ ነው። «ምን ያህል ከፍ አለች?» «ከጣሪያ በላይ፣ ከባሕር ዛፉ በታች።» ሌላ ቀን፣ «ወዴት ዞረች?» «ወደ ግራ።» ቤት ገብቼ ስብርባሪዋን ፈታሁ። የግራው አጥንት ገና እርጥብ ነበር፤ ከቀኙ ይከብዳል። ለካ ያዞረቻት ፍየሏ ናት! ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ዳሞታን የሚዞር ወሬ ውስጥ ለግራና ቀኝ ቦታ የለም። ጋሽ ሸምሱም ካረፈ ቆየ።

ቅዳሜ ዕለት ምሳው ሲቀርብ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጸለይ ጀመሩ። ድንኳኑ በሙሉ ጎንበስ አለ። ድሮኗ ግን አላቆመችም። ሰው ጎልማሳ ሲሆን ቁንጥጫ አይፈራም፤ አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። አባቴ፣ ሰማንያን ያለፈው አባቴ፣ በድንኳኑ ቀዳዳ አንጋጦ ድሮኗን ያያል። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ሁለታችንም ቶሎ ጨፈንን።

ከአሜን በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ያንተዋ ወደ ግራ ነበር የዞረችው።»

ክትፎው እጄ ላይ ቀረ። «አባባ! ታዲያ ለምንድን ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያካፈልክብኝ?»

«በጸሎት መሃል ዓይኔን ገልጬ ነበር ብዬ ለማን ልናገር?» አለ፤ ዙሪያውን አየት አደረገ። «አደራ፣ ለሰው እንዳትናገር።»

«ብናገርስ» አልኩት፣ «ማን ያምነኛል?»

ምርኩዙ እስኪወድቅ ሳቀ። የወንድሜ ልጅ አነሣችለትና «ምን ብሎህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሳልጨምር ነገርኳት፤ አንድ ዙር፣ ወደ ግራ፣ ከጣሪያ በላይ፣ ከባሕር ዛፉ በታች። አያቷም አይቷል አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ለአሥር ሲካፈል» አለች፣ «መሬት ላይ ነበረች ማለት ነው።»

አባቴ አቀርቅሮ ክትፎውን ይበላል።