የአባቴን ሊሾ የፋቅሁ ዕለት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሰው ወለል አበላሸሁ። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ውስጥ የአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ጋራዥ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ወንድሙ ኤፖክሲ የሚባለውን የወለል ሽፋን ይዞ ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የመጣ ባለሙያ ነው። «ታደለች፣ ወለሉን በደንብ አጽጂና ጠብቂኝ፣ ነገ እንቀባለን» ብሎኝ ዕቃ ሊገዛ ወጣ።

አጸዳኋ! በሳሙና አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ከዚያ ማንም ሳይለኝ ሰም ቀብቼ ፊት እስኪያሳይ ወለወልኩት። ጋሽ ወንድሙ ሲመለስ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ማን አብሪው አለሽ?»

«እንዴ! ንጹሕ ወለል የሚያበራ አይደል?»

ጭንቅላቱን ይዞ ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ሰም የነካው ወለል ኤፖክሲ አይዝም። ያንን ሰም ለማስለቀቅ ሦስት ቀን ፈጀብን።

ምን ላድርግ፣ የሊሾ ሠሪ ልጅ ነኝ። ሊሾ ማለት ሲሚንቶው ሳይደርቅ በብረት እየታሸ የሚለሰልስ ወለል ነው። አባቴ ከደጋው ጨንቻ ወርዶ በአርባ ምንጭ የቆላ ሰፈር፣ ሲቀላ ውስጥ ግንበኛ የሆነ ሰው ነው፤ ከተማው ስሙን ትቶ «ሊሾው» ይለዋል። «የኔን ወለል ዓይቶ ጺሙን የሚላጭ ሰው አለ» እያለ ይጎርራል። ቤታችን ውስጥ የሚያበራ ነገር ሁሉ ጥሩ ነበር።

ጋሽ ወንድሙ ያስተማረኝ የዚህን ተቃራኒ ነው። ወለሉ መጀመሪያ በማሽን ይፋቃል። ከዚያ ጠብታ ውሃ ትጥልበታለህ፤ ጠብታዋ ድቡልቡል ብላ ከቆመች ገና ነው፣ ወለሉ ከጠጣት በቅቶታል። ቀጥሎ አንድ ክንድ ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቀህ አንድ ቀን ትተወዋለህ። በማግስቱ ከሥሩ እርጥበት ካለ «ወለሉ አላበው» እንላለን፣ እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ሲቀላ ውስጥ የማያልበው ማን አለና፣ ወለሉም እንደኛው ነው።

ኤፖክሲው ሁለት ጣሳ ነው፣ ቀለሙና ማድረቂያው። ከተቀላቀሉ በኋላ ወሬ የለም። አንድ ቀን በእኩለ ቀን ሙቀት አቀላቅለን ከቤቱ ባለቤት ጋር ሰላምታ ስንለዋወጥ ባልዲው እጄ ላይ ጋለ፣ ጨሰ፣ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ማልደን እንቀባለን፤ ሰላምታም ከሥራ በኋላ ነው።

ከጽዳት ወደ ረዳትነት፣ ከረዳትነት የቀለም መቀቢያውን ሩሎ ወደ መያዝ፣ በመጨረሻም ቡድን ወደ መምራት ደረስኩ። ደንበኞች ይመጡና በላዬ አሻግረው እያዩ «ባለሙያው የታለ?» ይላሉ። «ይኸው፣ እያነጋገርከው ነው» እላለሁ። ሴት ልጅ ማሽን ይዛ ሲያይ ያልሳቀ አልነበረም፤ ወለላቸውን ሲያዩ ግን የሚስቅ አላገኘሁም። ይህን ስናገር እኮራለሁ፣ ለምን እደብቃለሁ?

አንድ ቀን አቶ ሻንካ ደወለ። ላንቴ ከሚባለው የገጠር ቀበሌ ሙዝ እያመጣ የሚነግድ፣ ቤቱ ሲቀላ የሆነ ሰው ነው። ጋራዡ ውስጥ ሙዝ ስለሚያሳድር ከሙዙ ዘለላ የሚንጠባጠበው ወተት ወለሉን አጥቁሮታል፣ የፒካፑም ዘይት ተጨምሮበታል። ሄጄ አየሁት። ከጥቁሩ ሥር የሚያበራውን ወለል አወቅሁት። አባቴ ነው የሠራው፤ ያኔ ልጅ ሆኜ ምሳ አመላልስለት ነበር።

«አባትሽ ባይቆጡ ምን አለ» አለ አቶ ሻንካ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ወሬው ቀድሞኝ ቤት ደረሰ። በማግስቱ አባቴ ከዘራውን ይዞ ጋራዡ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ።

«እኔ በቁሜ እያለሁ ሊሾዬን ልትቧጭሪ?»

«አባዬ፣ ካልተፋቀ አይዝም።»

«መቀባት ከፈለግሽ ላይዋ ላይ ቀቢያ! ማን ከለከለሽ? ጉልበቴን የበላች ወለል ናት፤ ጭረት አታርፍባትም።»

አቶ ሻንካም መሬት መሬት እያየ «እስቲ ሳትፍቂ ቀቢው፣ ታደለች። ሽማግሌ አናስቀይም» አለኝ።

እንደተባልኩት ብቀባ ወለሉ ይላጣል፣ ከወለሉ ጋር የኔም ስም ይላጣል። እምቢ ብል አባቴን በሰው ፊት ማዋረዴ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።

«እሺ፣ እንፈትናት» አልኩ። የጋለ ጎማ በደንብ ያልያዘ ሽፋን ላይ ስለሚጣበቅ፣ የፒካፑ የፊት ጎማዎች የሚያርፉበትን ቦታ ለካሁ። በግራው ጎማ በኩል ሊሾውን አጥቤ ብቻ ቀባሁ፣ አባቴ እንዳለው። በቀኙ በኩል አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ፍቄ ቀባሁ። ለዚያችም ክንድ አባቴ ፊቱን አዞረ፣ በጋሞኛም አጉረመረመ። ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

ሳምንት ጠበቅን። በስምንተኛው ቀን አቶ ሻንካ በቀትር ፀሐይ ከላንቴ ሙዝ ጭኖ መጣና በጋለ ጎማው ሁለቱ የተቀቡ ቦታዎች ላይ አቆመ። በማግስቱ ጠዋት አባቴ ባለበት መኪናውን ወደ ኋላ አወጣው። የግራው ጎማ ሽፋኑን እንደ ሙዝ ልጣጭ ገሽልጦ ይዞት ወጣ። የቀኙ ንክች አላለም።

አባቴ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ከጎማው ላይ ቅዳጁን ላጠው። ገልብጦ ውስጡን አየው። እንደ መስታወት ያበራል፤ የሊሾውን ልስላሴ ቀድቶ ወስዶታል።

«አያችሁ?» አለ። «ከስንት ዘመን በኋላ እንኳ ሊሾዬ ምንም አልሆነች! የተላጠው ቀለሙ ነው።»

አቶ ሻንካ ሳቁን መያዝ አቃተው። እኔ ግን አልሳቅሁም። አባቴ ልክ ነው፤ ያ ወለል ያልያዘው ከልክ በላይ ጥሩ ስለተሠራ ነው። ይህንኑ ነገርኩት፣ ጮክ ብዬ፣ አቶ ሻንካ እየሰማ። አባቴ ቅዳጁን አጥፎ ኪሱ ከተተና «በይ አስነሺው» አለኝ፣ በከዘራው ማሽኑን እያመለከተ።

ሙሉ ቀን ፋቅሁ። አባቴ አቧራው ውስጥ ተቀምጦ አየኝ፤ ቢለምኑት አልወጣም። ማሽኑ ጥግ ጥጉ ላይ አይደርስም፤ ጥጉ በእጅ፣ በመፋቂያ ድንጋይ ነው የሚሠራው። ድንጋዩን ላነሳ ዞር ስል አጣሁት። አባቴ ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ያችን ወለል ሲሠራ እንደተንበረከከው ተንበርክኮ ጥጉን እየፋቀ ነው።

«አባዬ፣ ጉልበትህ!»

«ዝም በይ። የት የት ጋ እንደጠነከረች የማውቃት እኔ ነኝ።»

ሲጨርስ ውሃ አስመጣ። ጣቱን ነክሮ አንዲት ጠብታ ጣለባት፣ እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ አብሬው አየሁ።

«ጠጣች» አለ።

ቀባነው፤ ያ ወለል እስከ ዛሬ አለ፤ ሙዝም ዘይትም ያርፍበታል፣ ተጠርጎ ይወጣል። ሙያው ውስጥ ለምትገቡ የምለው ይኸው ነው። ከመቀባታችሁ በፊት ፋቁ። ማንም ይሥራው፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ፋቁ። ጠብታዋን ካልጠጣ አትቀቡ።