ወናፉን ባለብሩ ይነፋል

ወርቅአገኘሁ ይባላል፤ ወርቅ ግን በእጁ ገብቶ አያውቅም። ብር ሠሪ ነው። ከሰቆጣ ይነሳና ወናፉንና መዶሻውን በጆንያ ተሸክሞ አምደወርቅን፣ አበርገሌን፣ ሲያሻው ሰሃላን ያዳርሳል። እኔ አምደወርቅ ገበያ አጠገቡ በርበሬ እሸጣለሁ፤ የሱን ነገር ከኔ ጠይቁ።

ከወልድያ አልፎ አያውቅም፤ ዓይኑ ግን ያልዞረበት አገር የለም። የሞሮኮ ጉትቻ፣ የየመን አምባር፣ ብቻ ስልክ ላይ ያየውን ሁሉ በዘይት ቆርቆሮ ላይ በምስማር ይጭራል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው በሦስት ረድፍ ደረት የሚሞላውን የህንድ ሙሽራ ሐብል ነው። እሱ ደግሞ ብዙ ብር ይበላል። የኛ ሰው የሚያመጣለት አንዲት የተሰበረች ጉትቻ! "መስቀል አርግልኝ፤ ከተረፈ ኩክ ማውጫ" ይለዋል። እንዲያው ዕድሜው ኩክ ማውጫ ሲሠራ ሊያልቅ ነው።

አንድ ሕግ አለው። ብር የሚያስቀልጥ ሰው ወናፉን ራሱ ይነፋል። አንጥረኛ ሲያቀልጥ ብሩን በርካሽ ነገር ይለውጣል እየተባለ ስለሚታማ፣ የሰው ብር እሳት ላይ ካለ እሱ ወናፍ አይነካም።

ባለፈው ዓቢይ ጾም እማማ ወለተ ገብርኤል ከልጅ ልጃቸው ከትግስት ጋር መጡ። ትግስት ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ነው፤ ቆርቆሮውን አይታ የህንዱን ሐብል መርጣለች። ከጎረቤት ትዋስ ቢሏቸው እማማ "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ብለው እምቢ አሉ። ብሩ ያለው እሳቸው ክንድ ላይ ነው፤ ባላቸው ለሠርጋቸው ያጠለቁላቸው ወፍራም አምባር። እጃቸው አብጦ ከዚያ ወዲህ ወጥቶ አያውቅም።

"እናቷ የለችም። እኔ ካላስጌጥኳት ማን ያስጌጣታል?" አሉና ክንዳቸውን ዘረጉለት።

ወርቅአገኘሁ ፊቱ በራ። ከሥር ጨርቅ አስገብቶ አምባሩን በመጋዝ ቆረጠውና ፈልቅቆ አወጣው። የነበረበት ቦታ ነጥቶ ቀረ። እማማ ቶሎ ብለው በነጠላቸው ሸፈኑት።

ከዚያ አምባሩን ከሰሉ ላይ አስቀመጠው፤ እማማ ወናፉን መንፋት ጀመሩ። ከሰሉ ፋመ፣ አምባሩ ቀላ። ሊቀልጥ ሲል እጃቸው ቆመ።

"እምዬ፣ ንፊ እንጂ!" አለች ትግስት።

"ደከመኝ።" ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"በይ እኔ ልንፋው!"

"ብሩ የሳቸው ነው" አላት ወርቅአገኘሁ።

እኔ የማየው እሱን ነው። ወናፉ እግሩ ሥር ነው፤ ትንሽ ቢነፋው ያ ሲመኘው የኖረ ሐብል በእጁ ገባ ማለት ነው። አሮጊቷ ጨፍነዋል፣ ልጅቷ እየለመነችው ነው፣ ማን ይከሰዋል? "ንፋው አንተ ሞኝ፣ ምን ይገትርሃል!" ልለው ምንም አልቀረኝ። እሱ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ተቀመጠ። ከሰሉ አመድ ለበሰ፤ አምባሩ መልሶ ጠቆረ።

እማማ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ልጄ፣ ለምን አልነፋኸውም?"

"የሰው ብር ሲሆን ወናፍ አልነካም፣ እማማ።"

"ብትነፋው ኖሮ ዝም እል ነበር" አሉት። "የጨፈንኩት ለዚያ ነው።"

ትግስት ይህን ስትሰማ የእማማን ክንድ ከነጠላው ሥር አውጥታ የነጣውን ቦታ አየችው፤ አለቀሰችም። "መልስላት" አለችው።

የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ አለስልሶ፣ አምባሩን አጥቦ፣ ክንዳቸው ላይ መልሶ ገጠመው። እማማ በአገውኛቸው፣ በኽምጣንጋ፣ መረቁት። ሲሄዱ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ተናዷል፣ አዝኗልም። "ዕድሜዬን የጠበቅኩት ብር ነበር" አለኝ። እኔም ቆርቆሮውን አንስቼ የበርበሬ ኬሻዬ ላይ አስደገፍኩለት።

ቆርቆሮው ዛሬም የበርበሬ ኬሻዬን ተደግፎ ይቆማል። ሴቶች መጥተው የህንዱን ሐብል ያዩና "ውይ ሲያምር!" ይላሉ። ከዚያ የተሰበረች ጉትቻቸውን አውጥተው መስቀል ያዙታል።

"ኩክ ማውጫስ ይጨመር?" ይላል አሁን ራሱ ቀድሞ።